የውሰት ፍየሎች

ሰው «በአጋጣሚ ተገናኘን» ሲለኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ። ከአምስተርዳም ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወደ ኖርድ ሰፈር በሚያሻግረው ጀልባ ላይ አንዲት ወጣት አጠገቤ መጥታ «ጤና ይስጥልኝ እማማ» ስትለኝም እንደዚያው አደረግኩ። ከሮተርዳም ተነስቼ ወደ አቶ ኃይለመስቀል ቤት፣ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና እየሄድኩ ነበር። በአንድ እጄ ድፎ ዳቦ ያለበትን ከረጢት፣ በሌላው ንፋሱ የሚታገለኝን ነጠላ ይዣለሁ።

«ከረጢቱን ልያዝልዎት?»

«እጅ አለኝ።»

«ለክርስትናው ነው አይደል የሚሄዱት?»

«ክርስትና መኖሩን ማን ነገረሽ?»

«ነጠላ ለብሰዋል፤ ዳቦውም ይሸታል» አለችና ፈገግ አለች። «እማማ ድንቅነሽ ነዎት አይደል?»

«ስሜንም የነገረሽ ዳቦው ነው?»

ፈገግታዋ ቆመ። አጠር ያለ ፀጉር፣ ጀርባዋ ላይ የተማሪ ቦርሳ፣ አንገቷ ላይ አልጋ ልብስ የሚያህል ሻርፕ አለ። ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ «እውነቱን ልንገርዎት» አለችኝ። «ሳያት እባላለሁ። ሄግ ነው የምማረው። የሕፃኑ እናት ሐምራዊት ጓደኛዬ ናት፤ የግራር ውሃ ተወላጅ ከፈለግሽ እማማ ድንቅነሽ ዛሬ ስለሚመጡ ነይና ተዋወቂያቸው አለችኝ። ጀልባው ላይ ሳይዎት እርስዎ መሆንዎን ገመትኩ።»

«ስለዚህ አጋጣሚ አይደለማ።»

«ጀልባው አጋጣሚ ነው። ሌላው አይደለም።»

ውሸቱ ተነቅቶበት ያልተንተባተበ ሰው ወይ በጣም ክፉ ነው፣ ወይ ደህና ሰው ነው። የትኛዋ እንደሆነች ገና ስላላወቅኩ ቦርሳዬን እንደያዝኩ፣ «ግራር ውሃን ምን አደረግሽው?» አልኳት። ግራር ውሃ ተወልጄ ያደግኩበት የቆላ መንደር ነው። ታናሽ እህቴ ብዙወርቅ አሁንም እዚያው ናት።

«ለጥናቴ ልሄድ ነው» አለችኝ። «የምማረው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ መንደር ድህነቱ ይቀንስ ተብሎ እርዳታ ሲሰጠው፣ መቀነስ አለመቀነሱን የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲከታተልና እንዲናገር ማድረግ ነው።»

«ድሃ መሆኑን ድሃው አያውቅም ብለሽ ነው?»

«ድሃውማ ያውቃል። የማያውቀው የሚረዳው ነው።»

መልስ ታውቃለች። መልስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። የምትፈልገው ቀላል ነገር መሆኑን ነገረችኝ፤ የግራር ውሃ ሴቶች የማያውቁትን ሰው አያናግሩም፣ ብዙወርቅን ግን ይሰማሉ፣ ብዙወርቅ ደግሞ እኔን ትሰማለች። ስለዚህ ስልክ ደውዬ «ይቺን ልጅ ተቀበይልኝ» እንድል ነው። ገንዘብ የሚለምን ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ የምትለምነው ገንዘብ ሳይሆን ቃሌን ሲሆን ግን የበለጠ ተጠነቀቅኩ።

«ልጄ፣ እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም» አልኳት። «የቆጠራን ነገር ግን አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ገመድ ይዘው መጥተው እርሻችንን ለኩ፤ ተመልሰው የመጡት ለግብር ነው። ኋላ ደግሞ ብዕር የያዙ መጡ። በዚህ ቤት ስንት ወንድ ልጅ አለ ብለው እናቴን ጠየቋት። እሷ እንግዳ አክባሪ ናት፤ ወተት አቅርባ፣ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠቻቸው። ተመልሰው ሲመጡ ታላቅ ወንድሜን አዘዘን ለጦር ሜዳ ወሰዱት። አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ምነው አፌ በተቆረጠ ትል ነበር። አሁን አንቺ መጥተሽ የእህቴን ቤት ልቁጠር ትያለሽ።»

ጀልባው ዳር ደረሰ፤ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ወረደ። እኛም ወረድን፤ ክርክሩም አብሮን ወረደ።

«እማማ፣ እናትዎ የተናገሩት ተጽፎ ተነበበላቸው?» አለችኝ በመንገድ ላይ።

«ለማን ብሎ ያነባል?»

«እኔም የምለው እሱን ነው። የተቆጠረው ሰው የተጻፈበትን አላየም። ለምን እንደተጻፈም አልተነገረውም።»

«አንቺ ስለነገርሽኝ ምን ይለወጣል?»

«ምናልባት ምንም። ግን ልንገርዎት። አዲስ አበባ ቢሮ ስሠራ ከየመንደሩ የሚመጣውን ሪፖርት የማጠናቅረው እኔ ነበርኩ። ከድህነት ወጣ ብዬ የጻፍኩትን አንድ መንደር ለሌላ ጉዳይ ሄጄ አየሁት። የውሃው ጉድጓድ አለ፤ ውሃ የለውም። ሰዎቹን ለምን አልተናገራችሁም ብላቸው፣ የጠየቀን የለም አሉኝ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል ወይ ተብለው ነው የተጠየቁት። ተቆፍሯል። ቢሮውን ትቼ ወደዚህ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ታሪኩ ጥሩ ነው። ጥሩ ታሪክ ግን ማንም ያወራል። «አልደውልም» አልኳት። እሷም አልተቆጣችም፤ «ሻርሎይስ ሰፈር ቤትዎ መጥቼ ልጠይቅዎት?» አለች። ማንኳኳት አይከለከልም፣ መክፈቱ የእኔ ነው አልኳት።

በሳምንቱ መጥታ አንኳኳች። ከፈትኩላት፤ ግን በመጥፎ ሰዓት ነው የመጣችው። በዚያን ቀን ከገሜንተ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዲት ሴትዮ ልትመጣ ነበር። ልጄ ዮሃና ናት ያመለከተችው። ዮሃና ካፔለ ነው የምትኖረው፣ ሥራዋም ሽማግሌ መጦር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ስታጥብ ስለምትውል ለእኔ ጊዜ የላትም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ቤት የሚያጸዳልኝ ሰው፣ እነሱ ታውስኸልፕ የሚሉት፣ እንዲመደብልኝ ፈለገች። ሴትዮዋ የምትመጣው ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም የሚለውን ለማየት ነው።

እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት ተዝረክርኮ አይጠበቅም። ከማለዳ ጀምሬ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን ፈገፈግኩ፤ መስኮቱን ወለወልኩ፤ ሳምቡሳ ጠበስኩ። ጫማዬን አጠለቅኩ። የምመረኮዝበትን ዱላ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ደበቅኩት። ወገቤ እንደ እሳት ነው፤ ወገቤ ግን በልብስ ይሸፈናል።

ሴትዮዋ መጣች፤ ጥሩ ፊት አላት። ዮሃና እያስተረጎመች ጠየቀችኝ። ወለል ማጽዳት ይችላሉ? እችላለሁ። አልጋ ማንጠፍስ? እችላለሁ። ብቻዎን ገላዎን ይታጠባሉ? እሱን ስትጠይቀኝ እንደተሰደብኩ ቆጠርኩት፤ «ምን ሆኜ ነው የማልታጠበው?» በያት አልኳት። ዮሃና የራሷን ነገር በሆላንድኛ ጨመረችበት፤ ሴትዮዋ ግን ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየች። ቤቴ ያበራል። እጄን ጨብጣ፣ በጣም ጠንካራ ነዎት፣ እርዳታ አያስፈልግዎትም ብላኝ፣ ሳምቡሳዋን በልታ ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ዮሃና፣ «ዱላሽ የት ነው?» አለችኝ። እዚህ አገር ያደገች ናት፤ እናቷን አንቺ ትላለች፣ ለምጄዋለሁ።

«አለ።»

«የት?»

«ልብስ ማጠቢያው ጀርባ።»

በሆላንድኛ አንድ ነገር አለች። ስድብ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። «እማዬ፣ ትናንት እኮ ከወንበር መነሳት አቅቶሽ ነው የደወልሽልኝ። ሴትየዋ ስትጠይቅሽ ለምን አልነገርሻትም?»

«ገመናዬን ለባዳ ልዘርዝር?»

«ሥራዋ እኮ ነው፣ ገመና መስማት።»

«እንግዲያው ሌላ ሥራ ትፈልግ።»

ሳያት ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አይታለች። ሻይ አፏ ድረስ አንስታ ሳትጠጣው መለሰችው። «እማማ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» አለች። «እህትዎ ዘንድ ሰው ሄዶ ደህና ነዎት ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ምን የሚሉ ይመስልዎታል?»

«ደህና ነኝ ትላለቻ።»

«ቤታቸውስ?»

እሷም እንደ እኔ ቤቷን ታበራለች። የገባኝ ነገር ደስ አላለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ በሆላንድ ያለን የግራር ውሃ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር አለን። ሊቀ መንበሩ ይበልጣል ይባላል፤ ቢሮ የሚሠራ፣ ንግግር የሚያውቅ፣ ለመንደሩ የሚሮጥ ሰው ነው። ማኅበሩ ለመበለቶችና ለደካሞች ፍየል ገዝቶ አድሏል። ብዙወርቅም ደርሷታል። በየዓመቱ መሳይ የሚባል የይበልጣል ዘመድ በየጓሮው እየዞረ ፍየሎቹን ከነባለቤቶቻቸው ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ እኛም በስብሰባ እናያለን፣ እናጨበጭባለን። ባለፈው ስብሰባ ብዙወርቅ ከሦስት ፍየሎች መሃል ቆማ አይቻታለሁ። አጨብጭቤያለሁ።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ሳያትና ዮሃና እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«እትዬ፣ ምነው በደህና?» አለች ብዙወርቅ።

«ደህና ነኝ። እናንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደህና ነው።»

«ፍየሎቹስ?»

«አሉ፣ አሉ።»

«እስቲ ድምፃቸውን አሰሚኝ።»

ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፤ ፍየል ግን አልሰማሁም። «ወጥተዋል፣ ግጦሽ ላይ ናቸው» አለች ቆይታ።

«ብዙወርቅ፣ መሽቷል እኮ እናንተ ዘንድ።»

ድምጿ ቀጭን ሆነ። «የሳሊሃ ናቸው» አለች። ሳሊሃ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። «ያኔ ዝናብ የቀረ ጊዜ የኔዎቹ ሞቱ። የብዙ ሰው ሞተ። መሳይ ፎቶ ሊያነሳ ሲመጣ ባዶ ጓሮ ላሳየው? ሳሊሃ የራሷን አዋሰችኝ። ከእኔ ወደ ሌላው ቤት ተነዱ። እናንተ እዚያ በብርድ ለፍታችሁ ሰጥታችሁ፣ ሞተ እንበላችሁ?»

«መሳይ አላወቀም?»

«መሳይ ጨዋ ልጅ ነው። እያየ እንዳላየ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«ምን?»

የቀረውን በግድ አወጣሁት። የእርዳታ እህል ሲታደል ስሟ ቀርቷል። የሚያድሉት ሰዎች ፎቶውን መሳይ ዘንድ አይተው፣ ፍየል ያላት ሴት ከድህነት ወጥታለች፣ ለባሰባት ይሰጥ ብለዋል። አልተከራከረችም። ምን ብላ ትከራከር? ፍየሎቹ የውሰት ናቸው ልትል ነው? በቀን አንድ ጊዜ ትበላለች፤ እሱንም ሳሊሃ ስታካፍላት ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። ዮሃና ዱላዬን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስደገፈችው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ይበልጣል ሌባ ነው የሚል ነበር። ምናልባት ፍየሎቹ ጭራሽ አልተገዙም፣ ምናልባት ከመሳይ ጋር ተካፍለውታል። እንዲህ ስል ሳያት ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ሌባ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ተባርሮ ያልቃል» አለች። «የሰረቀ የለም እማማ። ሰጪው በቅንነት ሰጠ። ተቀባይዋ ሰጪውን ላለማሳፈር ደበቀች። መሳይ እሷን ላለማሳፈር ዝም አለ። ሁሉም ጨዋ ነው። እህትዎ ግን ራባቸው።»

«ታዲያ ያንቺ ቆጠራ ምን ሊፈይድ ነው? አንቺንም ደህና ነኝ ትልሻለች።»

«እኔንማ ይሉኛል። ለዚህ ነው እኔ የማልቆጥረው። የመንደሩ ሰው ይሰበሰብና መጀመሪያ፣ እዚህ መንደር ድሃ የሚባለው ምን የጎደለው ነው ብሎ ይነጋገራል። መለኪያውን ከሄግ ይዤ አልሄድም። ከዚያ ራሳቸው ባወጡት መለኪያ ማን የት እንዳለ ያያሉ፤ ማን ወጣ፣ ማን ወጥቶ ተመልሶ ወደቀ። የተሰጣቸው ነገር መድረስ አለመድረሱን፣ መጥቀም አለመጥቀሙን ይናገራሉ፤ የሰጠው ወገን እዚያው መልስ ይሰጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ እንደገና ይቀመጣሉ።»

«ሰው በሰው ድህነት ላይ ሲያወራ ሊውል? ይሄ ሐሜት ነው።»

«ሐሜትማ ሰውየው በሌለበት ነው። እዚህ ባለቤቷ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ አይደለም ማለት ትችላለች። ደግሞ ሳሊሃ ስለ ብዙወርቅ የማታውቀው ነገር አለ?»

የለም። ይሄኛው መታኝ። እኔም አልተሸነፍኩም። «ባለጉልበቱ በተቀመጠበት ድሃዋ አፏን ትከፍታለች?»

«ስለዚህ ሴቶቹ መጀመሪያ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የተስማሙበትን አንዷ ቆማ ትናገራለች፤ የማን ቃል እንደሆነ አይለይም።»

«ወረቀቱስ? መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል?»

ሻይዋን አየት አደረገች። «እኔ ይዤው ልመለስ ነበር ያሰብኩት።»

«አየሽ።»

«አየሁ» አለች። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

ነገሩን ሁሉ ስጠራጠር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መልሱ ከአፌ ቶሎ ወጣ። የሰው ስም ያለበት ወረቀት ከመንደሩ አይወጣም። አንቺ የምትጽፊው ነገር ከመውጣቱ በፊት በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል፤ አይደለም ያሉት ይሰረዛል። ፎቶ የለም። «ደግሞ ብዙወርቅ ቤት እንዳታድሪ» አልኳት። «እንግዳ ነሽ፤ ላንቺ ብላ ፍራሽ ትዋሳለች።»

ዮሃና ሳቀች። ሳያት አልሳቀችም፤ እሺ አለች፣ አንድ በአንድ።

የማኅበሩ ስብሰባ ሮተርዳም ነው የተደረገው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ይበልጣል ከረባት አስሮ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ አበራቸው። ሰው እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ብዙወርቅ ከፍየሎቹ ጋር ስትመጣ፣ ከሳያት አጠገብ ዱላዬን ተመርኩዤ ተነሳሁ። በዱላ ስቆም አይተውኝ ስለማያውቁ ገና ሳልናገር ጸጥ አሉ።

«እነዚህ ፍየሎች የሳሊሃ ናቸው» አልኩ። «የእህቴ ፍየሎች ሞተዋል። እህቴ እህል ተከልክላለች፤ የከለከላት ይሄ ፎቶ ነው።»

ይበልጣል ፊቱ ጠቆረ። «እማማ ድንቅነሽ፣ እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ ልጆቼን ጥዬ ነው የምለፋው። በሰው ፊት እንዲህ ያዋርዱኛል?»

«ሌባ ልልህ ነበር የመጣሁት፤ መንደራችን ሄዳ ልታጠና ያሰበችው ይቺ ልጅ ናት የከለከለችኝ። ሌባ አይደለህም። ያሳዩህን ነው ያሳየኸን።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሳያትን በጣቱ አመለከታት። «ይቺን ልጅ ማን ላካት? የምትጽፈው ነገ የማይሆን እጅ ቢገባስ? መንደራችንን ብታሰድብስ? ሰው ፍየሉ መሞቱን ከሰማ ማን ከእንግዲህ ያዋጣል?»

እነዚህ ሁሉ የእኔ ጥያቄዎች ነበሩ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማቸው ግን ልክ መሆናቸውንም፣ አለመብቃታቸውንም አየሁ።

«ይበልጣል፣ መጠርጠርህ ደህና ነው» አልኩት። «እኔ ጠርጥሬ ነው ያረጀሁት። የወንድሜን የአዘዘን ነገር እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እስከ ዛሬ የጠረጠርነው የሚጠይቀንን ብቻ ነው። ሳይጠይቀን የሚሰጠንን ጠርጥረን እናውቃለን? እኛ ራሳችንን ጠርጥረን እናውቃለን? ከዚህ ሆነን ለግራር ውሃ ፍየል ይሻለዋል ብለን የወሰንነው ማንን ጠይቀን ነው?»

ይሄኔ አቶ ኃይለመስቀል ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲያው ስለተነሳ ነው» አሉ። «ማኅበሩ የሰጣት ነው ተብሎ የአጎቴ ሚስት ፎቶ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ከቄሱ ቤት የመጣ ነው። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ ሌላውም፣ ሌላውም ተናገረ። የየራሱን ቤት ገመና ደብቆ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቱም መደበቁን ሲያይ ቀለለው። ይበልጣል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከረባቱን አላላ። ግድግዳው ላይ ብዙወርቅ ከሰው ፍየሎች መሃል ቆማ ታየናለች። ለረጅም ጊዜ ፎቶውን ሲያይ ቆየና፣ «ነጭ ግንባር ያላት ፍየል የባለፈው ዓመትም ፎቶ ላይ አለች» አለ። «ሌላ ጓሮ ውስጥ። አይቻት ነበር። ፍየል ይመሳሰላል ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀበትም። ቅድመ ሁኔታዎቼን ተናገርኩ፤ ሳያት ቃሏን ሰጠች። ይበልጣልም አንድ ጨመረበት፤ ማኅበሩ ምን ቃል እንደገባና ምን እንዳደረገ በዚያው ስብሰባ ፊት ይጠየቅ፣ እኔ በስልክ ሆኜ እመልሳለሁ አለ። ያን ቀን ከበፊቱ የበለጠ አከበርኩት። ማታ ለብዙወርቅ ደውዬ፣ «አንዲት ልጅ ትመጣለች፣ አዳምጫት፤ ግን ምንም እንዳትዋሽላት» አልኳት።

ሳያት ግራር ውሃ ሄዳ የሆነውን ከብዙወርቅ ነው የሰማሁት፤ ተቆጥታ ነው የነገረችኝ። ሴቶቹ ለብቻቸው ተቀመጡ። ድህነት ምንድነው ሲባሉ መጀመሪያ ሁሉም አቀረቀሩ። ኋላ ሳሊሃ፣ «ብዙወርቅን ከድሆቹ ጋር አስገቡ። ፍየሎቹ የእኔ ናቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲነዱ እግራቸው አለቀ» አለች። ብዙወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴቶቹ ዞረው ሲያዩዋት ከነጠላው ውስጥ፣ «እውነቷን ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን የሚያቆማቸው ጠፋ። መለኪያም አወጡ፤ ከድህነት የወጣ ቤት ማለት እንግዳ ሲመጣ ምንም ነገር የማይዋስ ቤት ነው አሉ። ሳያት እንዲህ ያለ መለኪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም ብላኛለች። እኔ መጽሐፍ ስለማላነብ አልተደነቅኩም።

ብዙወርቅ ይሄን ከነገረችኝ በኋላ ገመናዬን አስወጣሽብኝ ብላ ስልኬን ሳታነሳ ከረመች። ያነሳችው እህሉን ከተቀበለች በኋላ ነው። አላመሰገነችኝም፤ ቂጣ እየበላች ነበር ያዋራችኝ፣ እኔም አኘካኘኳን ሰማሁ፣ በቃኝ።

አሁን የግራር ውሃ ሰዎች በየጊዜው ይቀመጣሉ። መሳይ ፎቶ ማንሳት ትቶ፣ የተባለውን ጽፎ ለራሳቸው ያነብላቸዋል። ዝናብ በቀረ ጊዜ ፍየሎቹ ያለቁት ተዳክመው ሲታመሙ የሚያክማቸው ጠፍቶ እንደሆነ ሲናገሩ ማኅበራችን ሌላ ፍየል አልላከም፤ የመንደሩን አንዲት ሴት የከብት ሕክምና አስተማረ። ተመልሳ የወደቀች ቤት ካለች ከመራቧ በፊት ይታወቃል፤ የተሻላት ደግሞ ራሷ ተነስታ፣ የእኔ ይብቃ፣ ለእከሊት ይሰጥ ብላለች አሉ። ከሩቅ የሚሰጥ ሰው ከጠየቀ የማያስፈልገውን አይሰጥም፤ የሚቀበልም ከተናገረ ያልበላውን በላሁ አይልም። እኔ ይሄን የማስጽፈው እንደ እኔ የሚጠረጥር ሰው ቢያነበው ብዬ ነው። መጠርጠሩን አይተው፤ የሚጠረጥረውን ግን ይመርምር።

የገሜንተዋን ሴትዮ ዮሃና እንደገና አስጠራቻት። በዚያን ቀን ወለሉን አልነካሁትም። የትናንት ሳህን ማጠቢያው ላይ ነበር። እሱን አይቶ ዝም ማለት ወለሉን ከመፈግፈግ ይልቅ አድክሞኛል። ዱላዬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ተቀምጬ ቆየኋት፤ ስትገባም አልተነሳሁም። ወለል ማጽዳት ይችላሉ ስትል ዮሃና እስክታስተረጉም አልጠበቅኩም። «ኢክ ካን ኒት» አልኳት፤ አልችልም ማለት ነው። ያን ያህል ሆላንድኛ ከበፊቱም ነበረኝ።

ብዙ ጠየቀችኝ፤ ብዙ ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቷን ወደ ቦርሳዋ ስትከት፣ «ቆይ» አልኳት። «የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

ዮሃና አፈረች፤ ቢሆንም አስተረጎመችላት። ሴትዮዋ ገርሟት አንድ በአንድ አነበበች፤ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ገላ መታጠቢያውን። ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜ ደስተኛና ፈገግታ የማይለያት እናት ናት ብላ ጽፋለች።

«እሱን ሰርዢው» አልኳት።

ሰረዘችው።